የልብ ምትን በማቀዝቀዝ ለማስተካከል ስትገቡ ማወቅ ያለባችሁ

ሐኪማችሁ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለውን የልብ ምት መዛባት በክራዮአብሌሽን፣ ማለትም በማቀዝቀዝ፣ እናክመው ካሏችሁ ደረት የሚከፈት አይምሰላችሁ። ቀጭን ቱቦ በብሽሽት ደም መልስ ገብቶ ልብ ድረስ ይሄዳል። ምቱን የሚረብሸው ኤሌክትሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ደም ከሳንባ ወደ ልብ ከሚመልሱት ሥሮች ነው፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳዩት የፈረንሳይ ቦርዶ ሐኪሞች ናቸው። ስለዚህ በቱቦው ጫፍ ያለችው ፊኛ የእያንዳንዱ ሥር አፍ ላይ ተነፍታ በናይትረስ ኦክሳይድ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ድረስ ለ3 ወይም ለ4 ደቂቃ ትቀዘቅዛለች። የቀዘቀዘው ቦታ ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

መጀመሪያ «የልቤ ቫልቭ፣ ማለትም ደም የሚያሳልፈው በር፣ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ አገር በልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚመጣ የቫልቭ ጥበት ብዙ ነው፣ ያ ካለ ሕክምናው ሌላ መንገድ ሊይዝ ይችላል፣ ደም ማቅጠኛውም ዋርፋሪን ነው የሚሆነው።

ደም ማቅጠኛን በራሳችሁ አታቋርጡ! «ቀዶ ሕክምና አለኝ» ብሎ መድኃኒቱን የሚተው ሰው አለ፤ እዚህ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። አንድ ቀን እንኳ ከዘለላችሁ ሳታፍሩ ተናገሩ፣ ልብ ውስጥ የረጋ ደም ካለ ቱቦው ሲገባ ስትሮክ ሊያመጣ ስለሚችል አስቀድመው በአልትራሳውንድ ያያሉ። ዋርፋሪን የምትወስዱ ከሆነ ጾም ሲገባ ጎመን በድንገት አታብዙ፣ የመድኃኒቱን ኃይል ያዳክማል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርብ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው፤ ልጅ እናቱን እያስተረጎመ የሚያልፈው ነገር ብዙ ነው።

በቀኝ በኩል ያሉት ሥሮች ሲቀዘቅዙ ለትንፋሽ የሚያገለግለው ነርቭ አጠገባቸው ስለሚያልፍ ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሞቹ ነርቩን በኤሌክትሪክ እየቀሰቀሱ ሆድ ሲዘል የሚከታተሉት፤ ዝላዩ ከደከመ ወዲያው ማቀዝቀዙን ያቆማሉ።

ከወጣችሁ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት እግር ሳታጥፉ ተኙ። ለሳምንት ያህል ከባድ ነገር አታንሱ፣ ስግደትም ይቆይ፣ እግዜር ያውቃል። ብሽሽቱ ከደማ ተኝታችሁ አጥብቃችሁ ጫኑትና አምቡላንስ ጥሩ።

በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ወራት የልብ ምት መልሶ ቢዛባ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም፣ ጠባሳው ገና እየበሰለ ነው። ለሐኪሙ ንገሩ እንጂ ተስፋ አትቁረጡ። ምቱ ቢስተካከልም ደም ማቅጠኛው ቢያንስ ለዚህ ያህል ጊዜ ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ የሚወስነው የእናንተ ደህና መሆን ሳይሆን ዕድሜ፣ ደም ግፊት፣ ስኳርና የመሳሰሉት ናቸው።

አንድ ነገር ግን ቤተሰብ ሁሉ ይወቀው። በነዚያ የመጀመሪያ ወራት ውስጥ ትኩሳት፣ ስትውጡ ሕመም፣ የደረት ሕመም ወይም የአንደበት መተሳሰር ከመጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። በልብና በምግብ ቧንቧ መካከል ቀዳዳ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል፤ የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው፣ ግን ይገድላል። በር ላይ «የልብ አብሌሽን ተሠርቶልኛል» በሉ፣ ሲቲ ስካን ሳይታይም በጉሮሮ መመርመሪያ ካሜራ እንዳያስገቡ ንገሯቸው።