ደጅ ለሚያድር ቴሌስኮፕ ሽፋን ሲሠራ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ደሴ ክረምት ላይ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ባደረበት ጠዋት፣ ዝናብ ባይጥልም ግቢ ያለ ብረት ሁሉ ርሶ ይገኛል። ቴሌስኮፑን ከነማቆሚያው ደጅ ማሳደር የሚፈልግ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው ለዝናቡ ብቻ ነው።

ትልቁ ስህተት በላስቲክ ጠቅልሎ ጥርቅም አድርጎ ማሰር ነው። ላስቲክ ውሃ አያስገባም፣ ግን አያስወጣምም። ቀን ፀሐይ ሲመታው ከመሬቱም ከመሣሪያውም እርጥበት ይተናል። ማታ ብርዱ ሲመጣ ያ እንፋሎት መውጫ ያጣና ላስቲኩና መስታወቱ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል። ላስቲኩ ያልበዋል። ይሄ በየቀኑ ሲደጋገም ሌንሱ ሻጋታ ያወጣል። ሻጋታው ቢጠረግም አንዳንዴ የሌንሱን ስስ ቅብ በልቶ ምልክት ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ ውሃ የማያስገባ ሸራ በጣውላ ቋሚዎች ላይ ወጥሩ፤ መሣሪያውን አይንካው። ከታች ክፍት ይሁን። ከላይ በጎኑ አየር መውጫ ይኑረው፣ አፉ ወደ ታች ይዙር፣ ወንፊት ሽቦም ይልበስ። ቀለሙ ነጭ ወይም ብርማ ቢሆን ይመረጣል። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ያለችና ሞቃት ስለሆነች፣ እዚያ ጥቁር ሸራ ጨርሶ አይሆንም።

ከስር ያለውን መሬት መርሳትም አለ። አፈርና ሣር ሌሊቱን ሙሉ እርጥበት ይተነፍሳሉ። መሬቱ ላይ ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ።

ጉም ባለበት ሌሊት ግን አየር ማዘዋወር ብቻውን አይበቃም፤ የሚገባው አየር ራሱ እርጥብ ነው። ትንሽ ሙቀት ያስፈልጋል። 10 ዲግሪ ላይ እርጥበቱ 100 በመቶ የሆነ አየር 15 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 72 በመቶ ገደማ ይወርዳል። እዚህ ላይ ብዙዎች አምፖል ከሸራው ስር ይሰቅላሉ። እባካችሁ ተዉት፣ እሳት ያስነሳል። የሚሻለው በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ፣ የቴሌስኮፑ ቱቦ ላይ የሚታሰር የማሞቂያ ቀበቶ ነው። መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም። መስመሩ ላይ ፊውዝ ይግባ፤ ባትሪው ከሽፋኑ ውጭ ይቀመጥ።

ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ጠጠር መሰል ፍሬ) ክፍት ሽፋን ውስጥ መበተን ብክነት ነው፤ የደጁን እርጥበት ጠጥቶ ወዲያው ይሞላል። ቦታው ክዳኑ በተገጠመ ቱቦና በተዘጋ የሌንስ ሳጥን ውስጥ ነው። በሲሊካው ምትክ የሚቀመጥ ጨው ደግሞ እርጥበት ስቦ ይፈስና ብረት ያዝጋል።

ሰማዩን አይታችሁ ስትጨርሱ ጤዛ የያዘውን ሌንስ ክዳን ገጥማችሁ አትሸፍኑ። በነጠላ ጫፍም አትጥረጉት፣ ይጫራል። መጀመሪያ በፀጉር ማድረቂያ ለብ ባለ አየር ይድረቅ።

ስፌቱን ለመድፈን ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ከተጠቀማችሁ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ መሣሪያውን አታስገቡ። የሚተነው አሲድ ብረትና የኤሌክትሪክ ሽቦ ይበላል። የሸራውን ገመድም ከቴሌስኮፑ እግር ጋር ሳይሆን መሬት ላይ ከተተከለ ካስማ ጋር እሰሩ፤ ከእግሩ ጋር ከታሰረ ነፋስ ሲመጣ ሽፋኑንና ቴሌስኮፑን አብሮ ይጥላቸዋል።

እርጥበት መለኪያ ሳይኖር በግምት መሥራትም ስህተት ነው። ርካሹም ይበቃል፣ ግን ፈትኑት። በጥቂት ውሃ የራሰ የገበታ ጨው በብርጭቆ አድርጋችሁ ከመለኪያው ጋር በተዘጋ ፌስታል ውስጥ አሳድሩት። ትክክለኛው ንባብ 75 በመቶ ነው፤ ያን ካላሳየ ልዩነቱን ጻፉና በየንባቡ አስተካክሉ። ከዚያ ቱቦው አጠገብ ይሰቀል። ከ60 በመቶ በላይ ለቀናት ከቆየ አየር መውጫውን አስፉ ወይም ሙቀቱን ጨምሩ።