ቶማሆክ፦ አያያዙ፣ አጠራረቡ፣ አሳሳሉ

ቶማሆክ የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ደኖች ነባር ሕዝቦች መሣሪያ የሆነ ትንሽ የእጅ መጥረቢያ ነው። ስሙ የመጣው ዛሬ ቨርጂኒያ በሚባለው ምድር ከሚኖሩት የፖውሃታን ሕዝቦች ቋንቋ ነው። ድሮ ራሱ ድንጋይ ነበር፤ የብረቱ የመጣው ከአውሮፓውያን ጋር በተደረገ ንግድ ነው። ለእንጨት ሥራ ብረቱ ከ500 እስከ 700 ግራም፣ ዛቢያው ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይመቻል።

ከተራ መጥረቢያ የሚለየው ዛቢያው የሚገባበት መንገድ ነው። የመጥረቢያ ዛቢያ ከታች ገብቶ ራሱ በሽብልቅ ይወጠራል። የቶማሆክ ግን እንደ ዶማ እጀታ ቀጭን ጫፉ ከላይ በቀዳዳው ገብቶ ይወርዳል፤ ራሱ ወፈር ስለሚል ብረቱ እዚያ ሲደርስ ይጠብቃል። ሽብልቅ አያስፈልገውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ብረቱ ሲላላ እንደ መዶሻ የዛቢያውን ታች ጉቶ ላይ ይመታል። ያ ቶማሆክን ያወልቀዋል እንጂ አያጠብቀውም። ለማጥበቅ ገልብጠው ወፍራሙን ራስ ጉቶ ላይ ሁለት ሦስቴ ይምቱ። ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍም አይረዳም፤ እንጨቱ አብጦ ለጊዜው ይጠብቅና ሲደርቅ ከበፊቱ የባሰ ይላላል።

አዲስ ዛቢያ ሲገጥሙ ሂከሪ ወይም አሽ ከሚባሉት ጠንካራ ዛፎች የደረቀ እንጨት ይምረጡ። ጫፉን ሲያዩት የእንጨቱ መስመሮች ከስለቱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሂዱ፤ አግድም ከሆኑ ቶሎ ይሰበራል። የቀዳዳውን ውስጥ ከሰል ቀብተው ዛቢያውን ያስገቡና ያውጡት። የጠቆረው ቦታ የሚያግደው ነው፤ እሱን ብቻ በቢላዋ ፋቅ ፋቅ አድርገው ደግመው ይሞክሩ። ከራሱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከብረቱ በላይ ሲቀር ከጠበቀ ይብቃዎት። ቸኩሎ ብዙ የፋቀ ሰው ዛቢያውን ጥሎ እንደገና ይጀምራል።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ዛቢያው አጭር ስለሆነ የሳተ ምት የሚያርፈው እግር አገዳ ላይ ነው። መሬት ላይ ያለ እንጨት ሲቆርጡ ይንበርከኩ፤ እንጨቱን ከጉቶው ማዶ ጠርዝ ላይ ያስደግፉ። የወደቀ ግንድ ሲመለምሉ ከግንዱ ወዲህ ቆመው በወዲያ ያለውን ቅርንጫፍ ከሥር ወደ ጫፍ ይምቱት። ከብብቱ በኩል ከመቱት እንጨቱ ይቀደዳል፣ ስለቱም ይነከሳል። የክንድ ያህል የወፈረ እንጨት ሲቆርጡ አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ 45 ዲግሪ ያህል አጋድለው ይምቱ፤ የሚከፈተው አፍ ከእንጨቱ ውፍረት ጋር ይስተካከል። ጠባብ ከጀመሩት መሃል ላይ ብረቱ ይጣበቃል። ሲጣበቅ ዛቢያውን ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁት፤ ወደ ጎን ከጠመዘዙት ይሰበራል።

ለመፍለጥ የቶማሆክ ክብደት ያንሳል፤ ጉማጅ አይሰጠው። ቀጭን እንጨት ግን ስለቱን ጫፉ ላይ አሳርፈው፣ ሁለቱን አንድ ላይ አንስተው ጉቶ ላይ ቢያወርዱ ጣትዎ ከምቱ መንገድ ውጭ ሆኖ ይፈለጣል። ካስማ ለማሾልና ለጥርብ ዛቢያውን ከብረቱ ሥር ይያዙ። እንዲያውም ብረቱን ከዛቢያው አውልቀው በእጅ ይዘው መፋቅ ይቻላል፤ ሽብልቅ የሌለው ነገር ጥቅሙ ይኸው ነው። የብረቱን ጀርባ ግን በሌላ ብረት አይምቱት። ቀዳዳው ከተጣመመ ምንም ዛቢያ በደንብ አይገጥመውም።

ስለቱን ብርሃን ላይ ይዩት። ጠርዙ ላይ የሚያብለጨልጭ ነጭ መስመር ካለ ደንዟል። ብረቱን አጥብቀው አስረው፣ ወፍራም ጓንት አድርገው፣ የሚሳለውን ገጽ በማርከር ይቀቡ። ከዚያ በሞረድ ወደፊት ብቻ ይግፉ፤ ሲመልሱ ያንሱት። ቀለሙ ከላይ ብቻ ከለቀቀ ሞረዱ በጣም ተኝቷል፣ ጫፉ ላይ ብቻ ከለቀቀ በጣም ቆሟል ማለት ነው። በየጎኑ 15 ዲግሪ ያህል ለእንጨት ይስማማል፤ ከዚያ በጣም ከሳሳ አንጓ ሲያገኝ ይሸረፋል። በማዶ ጣት የሚይዝ ቀጭን ብረት ሲታጠፍ ከተሰማዎት ጎን ይቀይሩ፤ መጨረሻ ላይ በመሳያ ድንጋይ፣ ቀጥሎም በቆዳ ያለስልሱት። በኤሌክትሪክ መሳያ አይሞክሩ፤ ስለቱ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ጥንካሬው ሄዷል፣ ያ ክፍል ተሞርዶ እስኪያልቅ ድረስም አይመለስም።

ከሥራ በኋላ ጭማቂውንና እርጥበቱን ጠርገው ብረቱን ስስ ዘይት ይቀቡ። ለረጅም ጊዜ ሲያስቀምጡት ከቆዳ አፎቱ ያውጡት፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ያዝገዋል። ዛቢያውን በዓመት ጥቂት ጊዜ የተልባ ዘይት ያጠጡት፤ ትርፉን ጠርገው ያድርቁት። ዘይቱን የጠረጉበትን ጨርቅ ጨብጠው አይጣሉ፤ እየደረቀ ሲሄድ ራሱ ሙቀት ፈጥሮ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተው ያድርቁት፤ ወይም ውኃ ባለው ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ ይክተቱት።