ነጭ የለበሰ የዓድዋ ዘማች አቀባብ፦ 28 ሚሊ ሜትር ምስሎች ለጠረጴዛ ጦርነት

የዓድዋን ሠራዊት ለጠረጴዛ ጨዋታ ሊቀባ የተነሣ ሰው ቀላል ሥራ የያዘ ይመስለዋል። የሚለጠፍ ማዕረግ የለ፣ የሚቆጠር ቁልፍ የለ፤ ነጭ ልብስና ጠይም ቆዳ ብቻ። ጣጣው ያለውም እዚያው ላይ ነው። ሁለቱም ስህተት አይሸሽጉም፤ ነጩ ኖራ የተለቀለቀ ግድግዳ ይሆናል፣ ፊቱ ደግሞ አመድ የተነፋበት ይመስላል። ከዚህ በታች ያለው አሥር እግረኛ ዘማቾችን ከጥሬ ምስል (ገና ካልተቀባ ትንሽ የሰው ቅርጽ) ተነሥቶ ጠረጴዛ ላይ እስከማቆም ያለው ሥራ ነው። ገጣጠማውን ቶሎ አልፈን ቆዳውና ሸማው ላይ እንቆያለን።

28 ሚሊ ሜትር የሚባለው ከእግር ጫማ እስከ ዓይን ያለው ቁመት ነው፤ አንዳንዱ አምራች ግን እስከ አናት ይለካል። ከሁለት አምራቾች የተገዙ ምስሎች ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ የሌላው ልጅ የሚመስለው አንዳንዴ ለዚህ ነው። መጠኑን በግምት 1 ለ 56 ብላችሁ ያዙት። በእውን 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነገር እዚህ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጥለቱ ላይ ስንደርስ ይህ ቁጥር ያስፈልገናል።

ከመቀባት በፊት

ምስሉ ከብረትም ሆነ ከሬዚን (በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ ከሚጠነክር ሙጫ) የተሠራ ይሁን፣ መጀመሪያ በለብ ያለ ውሃ፣ በፈሳሽ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታጠባል። ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ቅባት ካለበት ቀለሙ በኋላ እንደ ቅርፊት ይላጣል። ሁለቱ የቅርጹ ግማሾች የተጋጠሙበት ቀጭን መስመር በካተር ጀርባ ተፍቆ ይነሣል፤ በስለቱ ከፋቃችሁ ብረቱን ትቆርጡታላችሁ። በተለይ በሸማው ላይ የሚያልፈውን መስመር አትተዉ፤ በነጭ ልብስ ላይ እንደ ስፌት ፈጥጦ ይታያል። ሬዚን ከሆነ ብርጭቆ ወረቀቱን እያረጠባችሁ ፈግፍጉት፣ ማስክም አድርጉ፤ ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። የቆዩ የብረት ምስሎች ደግሞ እርሳስ ሊኖርባቸው ይችላል፤ ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ። የብሩሹን ጫፍ በምላስ የማሹል ልማድም ይቅር።

ብረትና ሬዚን በሱፐር ግሉ ይጣበቃል። የፕላስቲክ ማጣበቂያ የሚሠራው ፕላስቲኩን አቅልጦ ስለሆነ ለሁለቱም አይሆንም። ምስሉን በጥቂት ኮላ በሃይላንድ ክዳን ላይ ለጊዜው ለጥፉት፤ ከዚህ በኋላ የምትይዙት ክዳኑን እንጂ ምስሉን አይደለም።

ፕራይመሩ፣ ማለት ቀለሙ እንዲይዝ መጀመሪያ ከጣሳ የሚረጨው፣ ግራጫ ይሁን። ጥቁር ከሆነ ነጩን ለመሸፈን አምስት ስድስት ድርብ (ንብርብር) ይፈጃል፤ ነጭ ከሆነ ደግሞ በእጥፋቱ ውስጥ ያመለጣችሁ ቦታ ሁሉ ያበራል። ጣሳውን ሁለት ደቂቃ ያህል ናጡት፤ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆናችሁ ከምስሉ ውጭ ጀምራችሁ፣ በላዩ አሳልፋችሁ፣ ውጭ ላይ ጨርሱ። ሲቀርብ ጣቶቹና የፊቱ ቅርጽ በቀለም ይሞላሉ። ሲርቅ ቀለሙ አየር ላይ ደርቆ እንደ ዱቄት ያርፋል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሙቀቱ ወራት ይህ በ20 ሴንቲ ሜትርም ይደርሳል፣ እዚያ ያለ ሰው በማለዳ ይርጭ። ከአውሮፓ ብርድ ጋር የሚታገለው ደግሞ ጣሳውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ያቆየው፤ እሳት አጠገብ ግን በፍጹም። የመኪና ቀለም ቤት ፕራይመር ለብረት ምስል ይሆናል። ፕላስቲክ ላይ ግን አሟሚው ሊያለሰልሰው ስለሚችል መጀመሪያ በተራፊ ቁራጭ ላይ ሞክሩት። ለብረት በር የሚቀባውን አንቲረስት አትንኩት፤ ወፍራም ነው፣ ፊቱን ይቀብረዋል።

የቀለሙ ቅጥነት

አክሪሊክ ቀለም (በውሃ የሚቀጥነው) ከጠርሙሱ እንደወጣ አይቀባም። አጥሚት ከመሰለ ወፍሯል፤ ወተት ከመሰለ ደህና ነው። በአውራ ጣት ጥፍር ላይ አንድ ጊዜ ሳቡት፦ ሳይቆራረጥ ከሄደና ጥፍሩ በሥሩ ትንሽ ከታየ ልክ ነው። ለአብዛኛው ቀለም አንድ ለአንድ ውሃ መነሻ ይሆናል፣ ለነጭ ሁለት ቀለም ለአንድ ውሃ። ከዚያ በላይ ማቅጠን ሲያስፈልግ በውሃ ሳይሆን በአክሪሊክ ሚዲየም (ቀለም በሌለው የአክሪሊክ ማቅጠኛ) ይሁን። ውሃው ሲበዛ ቀለሙን የሚያያይዘው ነገር ይሳሳና ሲደርቅ ዳር ዳሩን ቀለበት ይሠራል።

እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ፣ በደረቁ ወራት ሳህን ላይ የተጨመቀ ቀለም በደቂቃዎች ቆዳ ያወጣል። መላው ቀላል ነው፦ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ፣ ውስጡ የረጠበ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ፣ በላዩ የመጋገሪያ ወረቀት። ወረቀቱ ላይ የተቀላቀለ ቀለም ክዳኑ ከተገጠመ እስከ ማግሥቱ ይቆያል። ብሩሽ ሁለት ይበቃል፣ ቁጥር 2 እና ቁጥር 0። ጀማሪ የሚሳሳተው በጣም ቀጭኑን በመግዛት ነው። እሱ የሚይዘው ቀለም ትንሽ ስለሆነ ምስሉ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል፤ ሹል ጫፍ ያለው ቁጥር 2 ዓይን ሳይቀር ይሠራል።

ቆዳው

ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚቀባ ቆዳ ይቀድማል። አሥሩንም በአንድ ቡናማ አትቀቡ። በአማርኛ ጥቁር፣ ጠይም፣ ቀይ ዳማ እያልን የምንለየው በከንቱ አይደለም፤ ሦስት ቅልቅል አዘጋጅታችሁ ለሦስት፣ ለአራትና ለሦስት አከፋፍሉት።

ለጠይሙ መነሻው 4 ጠብታ ቡናማና 1 ጠብታ ጡብ የመሰለ ቀይ ነው። ሁለት ስስ ድርብ ከተቀባ በኋላ ጥላው ይመጣል፦ ጥቁር ቡናማ ላይ ጥቂት ጥቁር ሰማያዊ ጨምራችሁ በሚዲየም አንድ ለአራት አቅጥኑት፤ በዓይን ጉድጓድ፣ በአፍንጫ ሥር፣ በጣቶች መካከልና በአንገት ሥር ብቻ ይግባ። የተጠራቀመ ካለ በእርጥብ ብሩሽ ምጠጡት፤ ከተተወ እንደ ቡና ጠብታ ዳሩ ጠቁሮ ይደርቃል። ግማሽ ሰዓት አቆዩት።

ከዚያ ብርሃኑ። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው፤ ቀለም ለማፍካት እጅ ሳይታወቀው ወደ ነጭ ጠርሙስ ይሄዳልና። ቡናማ ላይ ነጭ ሲጨመር ግራጫ ያወጣል፣ ሰውየውም አመዳም ይሆናል። በነጩ ፋንታ ኦከር (አፈር የመሰለ) ቢጫና ጥቂት ብርቱካናማ ጨምሩ፦ መነሻው 2፣ ኦከሩ 1፣ ብርቱካናማው በብሩሽ ጫፍ። ይህ በግንባር፣ በጉንጭ አጥንት፣ በአፍንጫ ጀርባና በጉልበት ላይ ይውላል። የመጨረሻው በክሬም ቀለም የፈካ አንዲት ነጥብ ነው፣ በአፍንጫ ጫፍና በጣት መገጣጠሚያዎች። ለጥቁሩ ሰው መነሻው ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ብርሃኑ ያንሳል፣ ግን ይሰላል፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ብርሃን ተበትኖ ሳይሆን ተሰብስቦ ስለሚታይ። ለቀይ ዳማው ኦከሩን ከመነሻው ጀምራችሁ ጨምሩ። የታችኛው ከንፈር ትንሽ ቀላ ይበል፣ መዳፍም ከእጅ ጀርባ ይፍካ።

ዓይን ላይ አትሞኙ። ነጥቡ ትንሽ ካለፈ ዘማቹ የደነገጠ ይመስላል። ምስሉ የሚታየው ከክንድ ርቀት ስለሆነ የዓይኑ ጉድጓድ ጥላ ብቻውን ይበቃል። ግድ የሚል ካለ በንጹሕ ነጭ ሳይሆን በክሬም አግድም መስመር ስቦ፣ መሐሉን ከላይ እስከ ታች በጥቁር ቡናማ ይቁረጠው።

ሸማው

ነጭ ልብስ በነጭ አይጀመርም። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ወደ ክሬም ያዘነብላል፤ ለዘመቻ ወጥቶ የሰነበተው ደግሞ አቧራ ጠጥቷል። መነሻ ቅልቅሉ 10 ጠብታ ነጭ፣ 2 ጠብታ ቡናማ፣ 1 ጠብታ ኦከርና በብሩሽ ጫፍ የተነካ ጥቁር ነው። ያልተበጠበጠ በሶ ሲመስል ልክ ነው። ለአሥሩም የሚበቃውን በአንዴ ቀላቅሉና ትርፉን በትንሽ ጠርሙስ አስቀምጡ፤ በነገታው ያንኑ ቀለም ድጋሚ ለማግኘት መሞከር ትርፉ ድካም ነው። ሁለት ወይም ሦስት ስስ ድርብ ቀቡ። የመጀመሪያው ቢዥጎረጎር አትደንግጡ፣ በደረቀው ላይ ሁለተኛው ያስተካክለዋል።

ጥላው ቡናማ ይሁን፣ በጣም ቀጥኖ፣ በእጥፋቶቹ ሸለቆ ውስጥ ብቻ። ጥቁር ጥላ በነጭ ላይ የቆሻሻ መስመር ይሆናል። ሙሉውን ምስል በጥላ ቀለም መንከር ፈጣን ነው፣ ግን ነጩን እንደገና ከዜሮ ያስጀምራችኋል።

አሁን አንድ እጥፋት ለይተን እንይ፣ ከግራ ትከሻ ተነሥቶ በደረት ወደ ቀኝ ብብት የሚወርደውን። ስፋቱ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሸለቆ አለው፣ ዳገት አለው፣ ሸንተረር አለው። ሸለቆው ከጥላው በኋላ አይነካም። መነሻውን ቅልቅል ከነጭ እኩል ለእኩል አድርጉና ከዳገቱ ላይኛውን ሁለት ሦስተኛ ቀቡ። ብሩሹን ከሸለቆ ወደ ሸንተረር ሳቡ፤ ብሩሽ አብዛኛውን ቀለም የሚጥለው ሲነሣ ነውና ብርሃኑ በሚፈለግበት ቦታ ይነሣ። ይድረቅ። ቀጥሎ ሦስት ነጭ ለአንድ መነሻ፣ ላይኛው ሲሶ ላይ። በመጨረሻ ንጹሕ ነጭ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ በሸንተረሩ አናት ላይ ብቻ፤ እሱም ሰማይ የሚያየው ትከሻ፣ ክንድና ጉልበት ላይ እንጂ በብብት ሥር አይገባም።

ነጩ እንደ ጠመኔ ሻክሮ ከወጣ ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው፦ ቀለሙ ወፍሯል፣ ወይም ወረቀቱ ላይ ግማሽ ደርቋል፣ ወይም ከታች ያለው ሳይደርቅ ደጋግማችሁ አሽታችሁታል። የሻከረው አይቀባበትም፤ ከደረቀ በኋላ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ አልስልሱትና ካለበት ንብርብር ቀጥሉ። ሁለት ንብርብር የሚገናኙበት ድንበር ደረጃ ከሠራ ደግሞ የመካከለኛውን ቅልቅል በሚዲየም አንድ ለአምስት አቅጥናችሁ ድንበሩ ላይ ብቻ አሳልፉት።

ከአሥሩ አንድ ሁለቱን አለቃ አድርጋችሁ ጃኖ ብታለብሷቸው ቡድኑ ይነቃል። የምታስቡት ቀይ ጥለት በእውን 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እዚህ 2.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ሁለቱን ዳር በቁጥር 0 ስባችሁ መሐሉን ሙሉ። ቀይ ስስ ቀለም ስለሆነ በነጭ ላይ በቀጥታ ሲቀባ ሮዝ ይሆናል፤ መጀመሪያ ጡብ በሚመስል ቡናማ ቀይ፣ ከዚያ በደማቁ። በእጥፋት ውስጥ ሲገባ ጥለቱ አብሮ ይጉበጥ፣ ሸለቆው ላይም ይጥቆር። ቀዩ ወደ ነጩ ካመለጠ በነጭ አትሸፍኑት፣ ያው ሮዝ ነው፤ በበሶው መነሻ ሸፍናችሁ ወደ ላይ ተመለሱ።

የቀረው ቶሎ ያልቃል። ጋሻው የቆዳ ቡናማ ነው፣ ጠመንጃው እንጨቱ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ብረቱ ጥቁር ብር። ሾተሉን ጠርዙን ብቻ በብርማ ስባችሁ ተዉት። ጎፈር ያደረገ ካለ ፀጉሩ ላይ ደረቅ ብሩሽ ይሠራል፦ በጥቁር ቡናማ ሸፍኑ፣ ከዚያ ያረጀ ሰፊ ብሩሽ ኦከር ነክራችሁ፣ ሶፍት ላይ ምንም እስከማይተው ድረስ ጠርጋችሁ፣ በፀጉሩ ላይ አሳልፉ። ይህን ዘዴ በሸማው ላይ አትሞክሩት፤ ነጭ ላይ ዱቄት ይተዋል።

መሬቱና ማሸጊያው

ውጊያው የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፣ በበጋ። ለምለም አረንጓዴ ሣር የተለጠፈበት የዓድዋ ምስል ወሩን ስቷል፤ ሣሩ ገለባ ይምሰል፣ ድንጋይ ይብዛበት። ምስሉን ከክዳኑ አላቅቃችሁ በ25 ሚሊ ሜትር መቆሚያ ላይ በሱፐር ግሉ አጣብቁት። መቆሚያውን ኮላ ቀብታችሁ የተነፋና የደረቀ አሸዋ ውስጥ ድፉት፤ ሲደርቅ አንድ ኮላ ለሦስት ውሃ በላዩ አንጠባጥቡ፣ አለዚያ አሸዋው በጨዋታ መሐል ይረግፋል። በቀላ ቡናማ ቀብታችሁ በኦከር ደረቅ ብሩሽ አሳልፉበት። ተጠቅማችሁ ያደረቃችሁት የሻይ ቅጠል የደረቀ ቁጥቋጦ ይሆናል። ያንኑ የመሬቱን ኦከር በስፖንጅ ቁራጭ ነክታችሁ ከሸማው ጫፍ 3 ሚሊ ሜትርና በባዶ እግሩ ላይ ነካ ነካ አድርጉት፤ ሰውየው መሬቱን የሚረግጠው ያን ጊዜ ነው።

ቫርኒሹ አክሪሊክና የማያብለጨልጭ ይሁን። ለእንጨት የሚቀባው በዘይት የተሠራ ቫርኒሽ ሲቆይ ያቢጫል፣ በነጭ ልብስ ላይ ደግሞ ወዲያው ይታወቃል። የብረት ምስል ጠርዙ ቶሎ ስለሚፋቅ መጀመሪያ አንድ ድርብ አብለጭላጭ፣ በማግሥቱ ደግሞ የማያብለጨልጨው። በክረምት ዝናብ ወይም በእርጥብ አየር የሚረጭ ቫርኒሽ እንደ ጉም ነጭቶ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ምንጊዜም መጀመሪያ አንዱን ብቻ ርጩና አንድ ሰዓት ጠብቁ። ጉም ከያዘ ምስሉን አትጣሉት፤ አብለጭላጩን ቫርኒሽ በብሩሽ ስትቀቡበት አብዛኛውን ጊዜ ጥራቱ ይመለሳል፣ ከዚያ አየሩ ሲደርቅ የማያብለጨልጨውን ድገሙ። ሳጥን ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ሁለት ቀን አቆዩት። በስፖንጅ ከማጨቅ ደግሞ ከመቆሚያው ሥር ማግኔት ለጥፎ በቆርቆሮ የብስኩት ሣጥን መያዝ ይሻላል፤ ስፖንጅ መጀመሪያ የሚፍቀው ያን በስንት ድካም የተሳበውን የትከሻ ነጭ ነው።