የሚኒሶታ የመጀመሪያ ዊንተር፦ አዲስ መጤ የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ሐበሻ ስለሚበዛባቸው አዲስ የመጣ ሰው ጃኬት የሚያውሰው ዘመድ አያጣም። ምክሩ ግን ብዙውን ጊዜ «ደራርበህ ልበስ» ላይ ያበቃል። ጉዳቱ የሚመጣው ግን በአብዛኛው አገር ቤት ትክክል ከነበረ ልማድ ነው።

ፀሐይ አይቶ መልበስ

አዲስ አበባ ፀሐይ ከወጣ ይሞቃል። እዚህ በጥምቀት ሰሞን ሰማዩ ጥርት ያለበት ቀን ብዙ ጊዜ ከሁሉም የከፋው ነው። ሌሊቱን የመሬቱን ሙቀት አፍኖ የሚያቆይ ደመና የለም፤ አየሩም ከካናዳ የሚወርድ ደረቅ ብርድ ነው። ስለዚህ በመስኮት አይታችሁ ሳይሆን ስልክ አይታችሁ ልበሱ። ስልኩም ቢሆን ያሳስታል፤ የሚያሳየው ፋራናይት ነውና «20» ሲል ደስ ብሎት በሹራብ የሚወጣ አለ። 32 ውሃ የሚረጋበት ነው፤ 20 በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 7፣ የፋራናይት ዜሮ ደግሞ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 18 ነው። እነዚህን ሦስቱን ከያዛችሁ ይበቃል።

ከዋናው ቁጥር ይልቅ ነፋሱን ጨምሮ የሚሰላውን፣ «ፊልስ ላይክ» የሚለውን እዩ። እሱ በፋራናይት ከዜሮ በታች 19 (በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 28 ገደማ) ከደረሰ፣ ያልተሸፈነ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሊረጋ ይችላል። ቀድመው የሚነኩት ጆሮ፣ አፍንጫና ጣት ናቸው። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ በደንብ ስለማይታይ መቅላትን አትጠብቁ፤ ቆዳው ገርጥቶ ወይም አመድማ ሆኖ፣ ሲነኩት እንደ ሰም ጠንከር ካለና ከደነዘዘ ምልክቱ እሱ ነው። ያን ጊዜ ማሸት፣ ሂተር ላይ መደገፍ ወይም ትኩስ ውሃ መጠቀም ይጎዳል፤ የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይሰማውም። ቤት ገብታችሁ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሩትና ሐኪም ይየው።

በጠባብ ጫማ ሁለት ካልሲ

ይሄ ሙቀት የሚጨምር ይመስላል፤ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። እግር የሚሞቀው በጫማው ውስጥ በታፈነው አየርና በሚዘዋወረው ደም ነው፤ ጠባብ ጫማ ሁለቱንም ይጨፈልቃል። ቦቲውን ስትገዙ ወፍራም ካልሲ አድርጋችሁ ለኩት፤ ጣቶቻችሁ ውስጥ መንቀሳቀስ አለባቸው። ካልሲው ሱፍ ይሁን፤ ጥጥ ላብ ይዞ ስለሚቆይ እግርን ያቀዘቅዛል። ለእጅም ጣት ከሚለየው ጓንት ይልቅ አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚይዘው ይሻላል።

ከሰል ቤት ውስጥ

ቡና በከሰል፣ ዕጣን በፍም፦ አገር ቤት በሩ ክፍት ነው፣ ግድግዳውም ያስተነፍሳል። እዚህ ቤቱ የተሠራው ሙቀት እንዳይወጣ ተብሎ ስለሆነ ጭሱም አይወጣም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የማይታየውና የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ፍሙ ቀልቶ ጭስ ካቆመም በኋላ ጋዙን መልቀቁ አይቀርም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ሲጀምር ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ይተኛል። ቤት ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ካመመውና ውጭ ሲወጣ ቀለል ካለው ጉንፋን አይደለም፤ ሁሉንም ይዛችሁ ውጡ፣ 911 ደውሉ።

በሚኒሶታ ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ (3 ሜትር ገደማ) ርቀት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም መኖር አለበት። እዚህ ላይ የእኛ ሰው አንድ ልዩ ስህተት ይሠራል፤ ዕጣን ሲጨስ አላርሙ ስለሚጮህ ባትሪውን ያወጣል። ብዙ ቤት ውስጥ የጭሱና የካርቦን ሞኖክሳይዱ አላርም አንድ ዕቃ ስለሆነ፣ ለዕጣኑ ተብሎ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ በማግሥቱ የሚመልሰው ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ፣ ለዕጣኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማጨሻ ግዙ፣ መስኮትም ገርበብ አድርጉ። የጋዝ ኦቨን ከፍቶ ቤት ማሞቅና ጋራዥ ውስጥ መኪና ማስነሳት፣ የጋራዡ በር ክፍት ቢሆንም፣ ከከሰሉ አይለዩም። በረዶ ላይ የቆመ መኪና ከማስነሳታችሁ በፊትም የጭስ መውጫውን በአካፋ ጥረጉ።

ሂሳብ ለመቆጠብ ሂተር ማጥፋት

ሥራ ስትሄዱ መቀነስ ይቻላል፤ ከ55 ፋራናይት (13 ሴልሺየስ) በታች ግን አታውርዱ። በውጭ ግድግዳ በኩል ያለፈው የውሃ ቧንቧ ከረጋ ይፈነዳል፣ ፍሳሹ የሚታየው ደግሞ ሲቀልጥ ነው። ብርዱ ሲብስ ከሲንክ ሥር ያለውን ቁምሳጥን ከፍታችሁ እደሩ፣ ቧንቧውንም በቀጭኑ አንጠባጥቡ። ሂሳብ ከከበደ ግዛቱ «ኮልድ ዌዘር ሩል» የሚባል ደንብ አለው፤ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ማሞቂያችሁ እንዳይቆረጥ ይከላከላል። ግን በራሱ አይሠራም። ለመብራት ወይም ለጋዝ ድርጅቱ ደውላችሁ የክፍያ ስምምነት ማድረግና የተስማማችሁትን መክፈል አለባችሁ።

መኪና

ሚኒያፖሊስ መንገዱ ከበረዶ እንዲጠረግ «ስኖው ኢመርጀንሲ» ሲታወጅ ሦስት ቀን የፓርኪንግ ደንብ አለ። በመጀመሪያው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ከማታ 9 ሰዓት እስከ ጧት 8 በዋና ዋናዎቹ የስኖው ኢመርጀንሲ መንገዶች በሁለቱም በኩል አይቆምም፤ በሁለተኛው ቀን ከጧት 8 እስከ ማታ 8 በሌሎቹ መንገዶች የቤት ቁጥሩ በሁለት በሚካፈለው በኩል፣ በሦስተኛው ቀን በሌላው በኩል አይቆምም። ሴንት ፖል ደንቡ ሌላ ነው፤ ዘመድ የነገራችሁ የየትኛው ከተማ እንደሆነ ጠይቁ። ካልሆነ መኪናችሁ ቶው ይደረጋል፣ ማለትም ተጎትቶ ይወሰዳል። የመስታወት መጥረጊያውንም ውሃ በዊንተሩ ፈሳሽ ቀይሩ፤ ተራ ውሃ ውስጡ ይረጋል።

ልጅ ካር ሲት ላይ ሲቀመጥ ወፍራሙን ጃኬት አውልቁለት። በግጭት ጊዜ ጃኬቱ ስለሚጨፈለቅ ቀበቶው ይላላና ልጁን አይይዘውም። ቀበቶውን በስስ ልብስ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ጃኬቱን ከላይ እንደ ብርድ ልብስ ጣሉበት።

ሊጥ

አገር ቤት በሦስት ቀን የሚደርሰው ሊጥ እዚህ ኩሽና ላይ እንደተኛ ሊቀር ይችላል። እርሾ የሚጨምሩ አሉ፤ ችግሩ ግን ሙቀት ነው። ኦቨኑን ሳታበሩ መብራቱን ብቻ አብሩና ሊጡን ከድናችሁ ውስጡ አስቀምጡት። በሩ ላይ «ሊጥ አለ» የሚል ወረቀት ለጥፉ፤ ሳያይ ኦቨኑን አብርቶ ፕላስቲክ ባልዲውን የሚያቀልጥ ሰው ከቤት አይጠፋም።

ወቅቱ ሲለወጥ

በ1991 (በፈረንጅ አቆጣጠር) በሃሎዊን፣ ኦክቶበር 31፣ በጀመረው በረዶ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ላይ 72 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወርዷል፤ ስለዚህ ቦቲ መግዛትን ለኖቬምበር አታቆዩ። ማርች ላይ አንድ ቀን ሞቅ ሲልም ጃኬቱን አታሸጉ፤ ኤፕሪልም በረዶ ይጥላል። በዚያው ሰሞን በረጋ ሐይቅ ላይ ሰው ሲሄድ አይታችሁ አትከተሉ። በእግር ለመሄድ አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ቢያንስ 4 ኢንች (10 ሴንቲ ሜትር) ውፍረት ያስፈልገዋል፤ በስፕሪንግ ግን የነጣውና የሸረሸረው በረዶ ወፍራም ሆኖም ይሰበራል።

በወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ ከቀኑ 1 ሰዓት (በፈረንጅ አቆጣጠር) የቶርናዶ (የአውሎ ነፋስ) ማስጠንቀቂያ ሳይረን ከተማውን ቢያናውጠው ሙከራ ነው፤ አትደንግጡ። በሌላ ቀን፣ በተለይ በሰመር ሰማዩ ጠቁሮ ከጮኸ ግን ወደ ቤዝመንት ውረዱ፤ ከሌለም በታችኛው ፎቅ መስኮት ወደሌለበት ክፍል ግቡ።