እንግሊዛዊ አዛውንት የልጅነት መንደራቸውን ሲያጫውቷችሁ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

እንግሊዝ አገር አዛውንት መንከባከብ ብዙ ሐበሻ የገባበት ሥራ ነው። ሥራው ልብስ ማልበስ፣ መድኃኒት መስጠት፣ ሻይ ማፍላት ይመስላል። ግማሹ ግን ጨዋታ መስማት ነው። ጨዋታው ደግሞ ዞሮ ዞሮ ልጅ ሆነው ያደጉበት ቤት ላይ ያርፋል።

እኔ መጀመሪያ አካባቢ የሰማሁትን ግማሹን በስህተት ነበር የምረዳው። አንዳንዱ ስህተቴ ዛሬ ያስቀኛል። አንዱ ግን አሁንም ያሳፍረኛል። እናንተ እንዳትደግሙት ልንገራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መንደር ሲሉ የፖስታ ካርዱን ቤት ማሰብ

የእንግሊዝ መንደር ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው የታወቀ ነው። የሣር ክዳን፣ ነጭ ግድግዳ፣ በር ላይ የወጣ ጽጌረዳ። የብስኩት ቆርቆሮ ላይ ያለው ቤት። እንዲህ ያለ ቤት በእርግጥ አለ። ግን ድሮ ሰው ቤቱን የሚሠራው እግሩ ሥር ባገኘው ነገር ነበር። ኮትስወልድስ ብትሄዱ ማር የመሰለ ድንጋይ ነው። ኖርፎክ ባልጩት ነው። ደርሃም የከሰል ማዕድን መንደሮች ውስጥ ደግሞ ትከሻ ለትከሻ የተጣበቁ የጡብ ቤቶች ናቸው የተደረደሩት። የደርሃም ተወላጅ የሆኑ አንድ ሽማግሌ "መንደሬ" ብለው ሲጀምሩ እኔ ላምና እርሻ ጠበቅኩ። እሳቸው የሚያወሩት በር ላይ ስለሚራገፍ የከሰል ክምርና ከዓይናቸው ነጭ በስተቀር ምንም ሳይታይ ከጉድጓድ ስለሚወጡት አባታቸው ነበር።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን የዴቨኑ ነው። አሁን የምንከባከባቸው እናት የዴቨን ገጠር ልጅ ናቸው። 88 ዓመታቸው ነው። "በስሜ ጥሪኝ" ይሉኛል፤ እጠራቸዋለሁ፤ በልቤ ግን እማማ ናቸው። አንድ ቀን ቤታቸው ከምን እንደተሠራ ጠየቅኳቸው።

"ከጭቃ" አሉኝ።

እኔን ለማሳቅ የተናገሩት መሰለኝ። የእውነታቸውን ነው። ኮብ ይሉታል። አፈርና ጭድ ከውሃ ጋር ይቦካል፣ በእግር ይረገጣል። እኛ እንጨት አቁመን፣ ማገር መትተን ነው የምንመርገው። እነሱ ያለ ማገር ጭቃውን ብቻ እየደራረቡ ነው የሚያቆሙት። ስለዚህ ግድግዳው በጣም ወፍራም ነው። እማማ ልጅ ሆነው የመስኮቱ ደፍ ላይ ወጥተው፣ እግራቸውን አጥፈው ይቀመጡ ነበር። ዴቨን ውስጥ ኮብ ጥሩ ባርኔጣና ጥሩ ጫማ ካገኘ ሌላ አይፈልግም ይባላል። ባርኔጣው ክዳኑ ነው፤ ጫማው ከሥሩ ያለው የድንጋይ መሠረት። ጭቃ ቤት የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

"ቤቱን ማን ወረሰው?" ብሎ መጠየቅ

ይህን ጠይቄያለሁ። እማማ ሳቁብኝ። ቤቱ የአባታቸው አልነበረም። የገበሬው ነበር፤ አባታቸው የዚያ ገበሬ ተቀጣሪ ናቸው። ቤት የሚሰጠው ከሥራው ጋር ነው። ሥራው ሲቋረጥ ቤቱም ይለቀቃል። አባት ከአለቃው ከተጣላ፣ ታሞ መሥራት ካቃተው ወይም ከሞተ፣ እናትና ልጆች ዕቃቸውን ጋሪ ላይ ይጭናሉ። የእርሻ ሠራተኛውን ከእንዲህ ያለ መፈናቀል የሚጠብቅ ጠንካራ ሕግ የወጣው በ1976 ነው።

ስለዚህ "የልጅነት ቤቴ" ሲሉ አንድ ቤት ላይሆን ይችላል። የእማማ ሦስት ናቸው። የሚዛወሩት አብዛኛውን ጊዜ በሴፕቴምበር መጨረሻ ነበር፤ መኸሩ ገብቶ ሲያበቃ፣ በእነሱ የሚካኤል በዓል፣ ሴፕቴምበር 29። ከኛ መስቀል ሁለት ቀን በኋላ መሆኑ ነው። እኛ ደመራ ለኩሰን ስንጨፍር እነሱ ጋሪ ይጭኑ ነበር ማለት ነው።

"ዲነር" የሚለውን ቃል በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ መተርጎም

የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ እማማ "ዲነሬን በልቻለሁ" አሉኝ። እኔ ዲነር እራት እንደሆነ ነው የተማርኩት። የቀኑ መዝገብ ላይ "ሰዓት ተምታቶባቸዋል" ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ቀልድ አይደለም፤ ሐኪም ያነበዋል፣ ልጆቻቸው ያነቡታል። ማታ ተረኛ የነበረች እንግሊዛዊት ባልደረባዬ አንብባው መጥታ አስረዳችኝ። በገጠሩና በሠራተኛው ቤተሰብ ዘንድ ዲነር የቀን ምሳ ነው። ማታ የሚበላው "ቲ" ነው፤ ሻይ ብቻ አይምሰላችሁ፣ ዳቦና እንቁላል፣ አንዳንዴም ሥጋ ያለበት እራት ነው። እማማ ምንም አልተምታታባቸውም። የተምታታብኝ እኔ ነኝ። በማግስቱ መዝገቡን አስተካከልኩ።

እንግሊዝ ስለሆነ ውሃም መብራትም ነበር ብሎ ማሰብ

አገሩ ባቡርን ለዓለም ያስተዋወቀ አገር ነው። እንዴት ቤት ውስጥ ውሃ አይኖርም? አይኖርም። በብዙ መንደር የቧንቧ ውሃና መብራት የገባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ አንዳንዱ ጋ 1950ዎቹ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ውሃ ከጉድጓድ ወይም ከመንደሩ የእጅ ፓምፕ ይቀዳል። መብራቱ የላምባ ፋኖስ ነው። ወደ መኝታ ሲወጣ ደግሞ ሻማ።

ሰውነት የሚታጠቡት ቅዳሜ ማታ ነው። የቆርቆሮ ገንዳው ከግድግዳ ሚስማር ላይ ይወርድና ምድጃው ፊት ይቀመጣል። የእማማ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የምትገባው ትንሿ ልጅ ናት። ቀጥሎ ታላቆቿ በዕድሜያቸው። በመጨረሻ አባት። ውሃው ያው አንድ ነው፤ በየመሃሉ ከማንቆርቆሪያ ትኩስ ይጨመርበታል። "አባትዎ ሲገቡ ውሃው ምን ይመስል ነበር?" አልኩ በሞኝነት። "ሾርባ" አሉኝ።

ሽንት ቤቱ ጓሮ ጥግ ነው። እማማ ስለ እሱ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፈገግ ብለው ነው። መቀመጫው ጣውላ ነው፤ ሁለት ቀዳዳ አለው። ትልቁ የአዋቂ፣ ትንሹ የልጅ። ከእህታቸው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ወሬ ያወሩ ነበር። ጋዜጣ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ፣ በሲባጎ ተሰክቶ ይንጠለጠላል። ባልዲው ሲሞላ አባታቸው ጓሮ ጉድጓድ ቆፍረው ይቀብሩታል። የመንደሩ ምርጥ ጎመን የሚወጣውም ከዚያ ነበር። ሌሊት ግን ማንም ጓሮ አይወጣም። ፖፖ ከአልጋ ሥር አለ። እንደኛው።

ሬዲዮ ነበራቸው። ኤሌክትሪክ ሳይኖር እንዴት ሠራ? በባትሪ። ባትሪው አሲድ የሞላ የመስታወት ማሰሮ ነው። ሲደክም ልጅ ተሸክሞት ቻርጅ ወደሚደረግበት ሱቅ ይሄዳል። እማማ አሲዱ እግራቸው ላይ እንዳይረጭ ክንዳቸውን ዘርግተው ነበር የሚሄዱት። እንዴት እንደያዙት ሲያሳዩኝ እጃቸው ዛሬም ከሰውነታቸው ይርቃል።

እዚህ ላይ የአጠያየቅ ነገር ላንሳ። "ልጅነትዎ እንዴት ነበር?" ካላችሁ "ደህና ነበር" ይላሉ፤ ያበቃል። "ከበሩ ጀርባ ምን ተሰቅሎ ነበር?" በሉ። "ሰኞ ቤቱ ምን ምን ይሸታል?" በሉ። ሰኞ የልብስ ቀን ነው፤ ቤቱ እንፋሎትና ሳሙና ይሸታል። ምሳው የእሑዱ ሥጋ ትራፊ ነው፣ ቀዝቃዛውን፣ እናት ለማብሰል ጊዜ የላትምና። አንድ ሚስማር የጠየቃችሁለት ሰው ቤቱን ሙሉ ያስጎበኛችኋል። ያኔ ስለ ፊተኛው ክፍልም ትሰማላችሁ። ቤቱ ጠባብ፣ ልጁ ብዙ፣ ግን አንድ ክፍል ተዘግቶ ይቀመጣል። የሚከፈተው ለገና፣ ለቄስና ለቀብር ነው። እናቴ ቡፌ ውስጥ ቆልፋ ያስቀመጠቻቸው ስኒዎች ትዝ አሉኝ። አንድም ቀን ቡና ጠጥተንባቸው አናውቅም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ችግሩም አበቃ ብሎ ማሰብ

ጦርነቱ በ1945 አበቃ። ምግብ ለየሰው እየተመጠነ የሚሸጥበት ራሽን ግን ቀጠለ። ዳቦ እንዲያውም ራሽን የገባው ከጦርነቱ በኋላ፣ ከ1946 እስከ 1948 ነው። ከረሜላ ነፃ የሆነው በፌብሩዋሪ 1953፣ ሥጋ በጁላይ 1954። የደርሃሙ ሽማግሌ ከረሜላ የተለቀቀ ቀን ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። የዚያን ቀን የገዙትን ዓይነት አሁንም ይቆጥሩታል።

ገንዘቡ ላይም ተጠንቀቁ። እስከ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1971 ድረስ 12 ፔኒ አንድ ሺሊንግ፣ 20 ሺሊንግ አንድ ፓውንድ ነበር። "ስድስት ፔኒ" ሲሉ የዛሬው ስድስት ሳንቲም አይደለም፤ ግማሽ ሺሊንግ ነው።

ትዝታቸውን ማረም

ሁለት ዓይነት እርማት አለ። አንዱ ማጣፈጥ ነው። "እንዴት ደስ የሚል ዘመን!" ብላችሁ አቋርጣችሁ ማስገባት። በሴፕቴምበር 1939 መጀመሪያ ላይ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው፣ በብዛት ሕፃናት፣ ከቦምብ ለማምለጥ ከከተማ ወደ ገጠር ተልኳል። በብዙ ቦታ ልጆቹ በመንደሩ አዳራሽ ይቆሙና ሰው እየመጣ "ይቺን እወስዳለሁ" እያለ ይመርጣል። እህትና ወንድም ይለያያሉ። መጨረሻ ላይ የሚቀር ልጅ አለ። ይህን የሚያወራ ሰው ፊት "ደስ ሲል!" አይባልም።

ሌላው መሟገት ነው። እማማ ከሁሉ የሚወዱት የልጅነት ሰው ጣሊያን ነው። ከ1941 ጀምሮ የተማረኩ የጣሊያን ወታደሮች እንግሊዝ እርሻ ላይ ይሠሩ ነበር። አንዱ ለእማማ ከአኻያ ዛፍ ቅርንጫፍ ትንሽ ቅርጫት ሠርቶላቸዋል። "እንደ እሱ ደግ ሰው አላየሁም" አሉኝ። 1941 እኛ ጣሊያንን ያስወጣንበት ዓመት ነው። አያቴ ስለ ጣሊያን የነገሩኝ ሌላ ነው። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ቅርጫቷ አሁን መሐረብ ማስቀመጫ ሆና አልጋቸው አጠገብ አለች።

ቤቱን በስልክ ለማሳየት መቸኮል

ደግ የሠራሁ መስሎኝ ጉግል ማፕ ላይ የመጀመሪያውን ቤታቸውን ፈልጌ አሳየኋቸው። ዝም አሉ። በሩ ግራጫ ተቀብቷል። ከጎኑ የቁልፍ ሣጥን ተለጥፏል፤ ለእረፍት የሚከራይ ቤት ሆኗል ማለት ነው። ፓምፑ ውስጡ አበባ ተተክሎበታል። "የኛ አይደለም" አሉና ስልኩን መለሱልኝ። ቀኑን ሙሉ ስለ መንደሩ አላወሩም።

ከዚያ ወዲህ ሳይጠይቁኝ አላሳይም። ቦታው ጨርሶ የሌለበትም ሰው አለና። ዶርሴት ውስጥ ታይነም የምትባል መንደር በዲሴምበር 1943 ለወታደር ልምምድ ተብላ ተለቀቀች። ከ200 በላይ ሰው ወጣ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቤታቸውን እንዲንከባከቡላቸው የሚለምን ወረቀት ለጥፈው፣ አንድ ቀን እንመለሳለን ብለው ነው የወጡት። አልተመለሱም። ቦታው እስከ ዛሬ የሠራዊቱ ነው።

እማማ ወደ ወሬያቸው የተመለሱት ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ያውም እሳቸው ጠያቂ ሆነው። "የእናንተ ውሃ ከቤት ምን ያህል ይርቅ ነበር?" አሉኝ። ምንጩ ቁልቁለት እንደሆነ፣ ሃያ ሊትር ጀሪካን በጀርባዬ ተሸክሜ ዳገቱን እንደምወጣ ነገርኳቸው። ተነሥቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ገመዱን እንዴት ደረቴ ላይ እንደምይዘው አሳየኋቸው። እሳቸውም ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። የውሃ ባልዲ የሚንጠለጠልበትን የእንጨት ቀንበር ትከሻቸው ላይ እንዳስቀመጡ ያህል ሁለቱን እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ። ከዚያ በጣታቸው አየሩ ላይ ክብ ሠሩ። ባልዲዎቹ እግራቸውን እንዳይመቱ እሳቸው መሃሉ የሚገቡበት ቀለበት ነው አሉኝ።

"ጀርባሽን ነው የሚያምሽ?" አሉኝ።

"አዎ" አልኳቸው።

"እኔን ትከሻዬን" አሉ።