ለቅጠሏ የምትተከል ጽጌረዳ፦ ሮዛ ግላውካን እንዴት እናሳድጋለን?

ጽጌረዳ የሚተክል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው አበባውን ነው። ሮዛ ግላውካን የሚተክላት ግን ለቅጠሏ ብሎ ነው። ቅጠሏ ሰማያዊ የነካው ግራጫ ነው፤ በላዩ ሐምራዊ ጥላ አለው። ለጋ ቅርንጫፎቿም ወይን ጠጅ ናቸው፤ እሾሃቸው ብዙ አይደለም። አበባዋ ትንሽ፣ ነጠላና ሮዝ ነው። በዓመት አንዴ አብቦ ቶሎ ይረግፋል።

1. ቦታ ይምረጡ። መነሻዋ የመካከለኛውና የደቡብ አውሮፓ ተራሮች ናቸው፤ ስለዚህ ብርድ አይበግራትም። ሙቀት ዓመቱን ሙሉ በማይለቀው ቆላ ግን አልመክራትም። ፀሐይ በደንብ ካገኘች ሐምራዊው ይጎላል፣ ጥላ ሲበዛባት ወደ አረንጓዴ ግራጫ ታደላለች። ቁመቷ 2 ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ወደ ጎንም ትሰፋለች። ከጎረቤቷ ተክል 1.5 ሜትር ያህል ያርቋት።

2. ይትከሉ። ሥሩ ራቁቱን የመጣ ችግኝ ከሆነ ለጥቂት ሰዓታት ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት። ጉድጓዱ ከሥሩ ሁለት እጥፍ ይስፋ። አፈሩን ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ቀላቅለው ይመልሱ፣ በእግር ረገጥ ረገጥ ያድርጉት፣ ውሃ ያጠጡ። ለአፈር አትመርጥም፤ የተኛ ውሃ ግን አትወድም።

3. የመጀመሪያውን ዓመት ሳያቋርጡ ያጠጡ፣ ግን ሥሯ ላይ እንጂ ቅጠሏ ላይ አይርጩ። ማዳበሪያ አያብዙ። ናይትሮጅን የጠገበ ለስላሳ ቅጠል ለክሽክሽ ድግስ ነው።

4. ይግረዙ። የቅጠሉ ነገር የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚፈራውም ይህንኑ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ይተዋት፣ ትጠንክር። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ብርዱ ሊያበቃ ሲል፣ እምቡጥ ሳያብጥ፣ መቀስ ያንሱ። ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው ካሉት ግንዶች ያረጁትን ሩብ ያህል ከሥር መቁረጥ ነው፤ አበባውም ፍሬውም ይተርፋል። ሁለተኛው ሁሉንም ከመሬት አንድ ስንዝር አስቀርቶ መቁረጥ ነው። ይሄኛው ጨከን ያለ ነው፣ ግን ረጃጅም፣ ወይን ጠጅ፣ ቅጠላቸው ደማቅ ቡቃያዎች ያወጣል። በዚያ ዓመት አበባ አይጠብቁ፣ ኮምፖስትና ውሃም አይንፈጓት። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ ብርቱካናማ ቀዩን ፍሬ ማጣት ያሳዝናል። የደረቀ አበባ አይቀንጥሱ፣ ፍሬው የሚወጣው ከዚያው ነው።

5. ዋግን ይከታተሉ። ከቅጠሉ ጀርባ ብርቱካናማ ዱቄት ካዩ እሱ ነው። የታመመውን ቅጠል፣ የረገፈውንም ጭምር፣ ለቅመው ያስወግዱ፤ ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩት።

6. ያባዙ። ከፍሬው ያወጡትን ዘር አጥበው እርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርገው ለሦስት ወር ያህል ፍሪጅ ያቆዩት፣ ከዚያ ይዝሩት። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንዳንዱ በሁለተኛው ዓመት ነው የሚበቅለው። እሷ ራሷም ሥሯ ላይ ችግኝ ታፈላለች። አብዛኞቹ እናታቸውን ይመስላሉ። ከማዛወርዎ በፊት ቅጠሉን ይዩ፦ ሰማያዊና ሐምራዊ የሚለውን ያስቀሩ፣ ተራ አረንጓዴውን ይንቀሉት።