ሃሽ አልገጥም ሲል፦ የጥንት ፍርስራሽ ፎቶዎች ችግርና መፍትሄ

የጥንት ፍርስራሽ በድሮንና በካሜራ እናነሳለን፤ ከፎቶዎቹ በኮምፒውተር 3ዲ ሞዴል እንሠራለን። ፎቶዎቹ እንዳልተነኩ ለማሳየትም ሃሻቸውን፣ ማለትም የፋይሉን የጣት አሻራ፣ ብሎክቼይን በሚባለው በቀላሉ በማይለወጥ የጋራ የኮምፒውተር መዝገብ ላይ እንመዘግባለን። ባትሪ መሙላት፣ ሌንስ መወልወል፣ ፎቶውን ከ70 እስከ 80 በመቶ ማደራረብ፤ ይህን ታውቃላችሁ። በቀጥታ ወደ ችግሩ ልግባ።

ሞዴሉ እንደ አክንባሎ ጎበጠ? ድሮኑ ሁሉንም ፎቶ ቁልቁል ብቻ ስላነሳ ነው። ካሜራውን አዘንብላችሁ ተጨማሪ ዙር አንሱ። መሬት ላይም ቦታቸው በትክክል የተለካ ምልክቶች አስቀምጡ።

ሞዴሉ ከካርታው 200 ሜትር ያህል ሸሸ? ቦታ የሚለኩበት ሥርዓት ስለሚለያይ ነው፤ የድሮው ካርታ አዲንዳን በሚባለው፣ ጂፒኤሱ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ነው። ሁለቱንም ወደ አንዱ ቀይሩ።

3,000 ፎቶ ስትጭኑ ኮምፒውተሩ ስታክ አደረገ? ራሙ ሞልቶ ነው። ግድግዳ በግድግዳ ከፋፍላችሁ ሥሩና በኋላ አገጣጥሙ።

ሃሽ አልገጠመም? እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ብሎክቼይን ላይ ፎቶውን አንጭንም፤ በጣም ከባድ ነው። የምንመዘግበው የእያንዳንዱን ፎቶ ሃሽ ነው። ሻ-256 በሚባለው ስሌት ሲሠራ 64 ፊደልና ቁጥር ይሆናል። ከፎቶው አንዲት ቢት ከተነካች ሃሹ ጨርሶ ሌላ ይሆናል። ሰው ሁሉ «ብሎክቼይኑ ተበላሸ» ይለኛል። አልተበላሸም። የተነካው ፎቶው ነው።

አንድ ጊዜ ኖራ ወረድን። የኢፋት ሱልጣኔት ዘመን ከተማ ፍርስራሽ ናት፤ የመስጊዱ ግድግዳ ዛሬም ቆሟል። በዚያ የቆላ ፀሐይ ሁለት ቀን ሙሉ 640 ፎቶ አነሳን። ማታ ሃሹን መዘገብን። በማግሥቱ አንዱ ልጅ ፎቶዎቹን ደብረ ብርሃን ላለው ጓደኛችን በቴሌግራም ላከ፤ ያውም እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ። ከዚያ ካርዱን ፎርማት አድርጎ ለሌላ ሥራ ወሰደው። አንድም ሃሽ አልገጠመም። እንደ ፎቶ ሲላክ ምስሉ ያንሳል፣ ይጨመቃል፤ የሌንሱንና የሰዓቱን መረጃ የያዘው ኤክሲፍም ይራገፋል። ለዓይን ያው ይመስላል። የድንጋዩን ስንጥቅ ለመለካት ግን አይሆንም። ተመልሰን ወረድን። በመሃል ዝናብ ጥሎ ኖሮ ከአንዱ ቤት ግድግዳ ሁለት ድንጋይ ወድቆ ጠበቀን። ያ ግድግዳ እንደነበረ ዳግም አይነሳም።

ሌላው ምክንያት ማዞር ነው። ፎቶውን ከፍቶ ቀና አድርጎ ሴቭ የሚያደርግ ሰው አይጠፋም። እባካችሁ አትንኩት! ጠማማ ሆኖ ይቀመጥ።

ሦስተኛው ፎርጅድ ሚሞሪ ካርድ ነው። 128 ጊጋ ተጽፎበት ውስጡ 16 እንኳ አይሞላም። ከሞላ በኋላ የሚጻፈው ፎቶ ይበላሻል፤ ስሙ ይታያል፣ አይከፈትም። ከመንገድ ዳር ካርድ ገዝታችሁ ቁልቁለቱን አትውረዱ። መጀመሪያ ጢም አድርጋችሁ ሙሉትና መልሳችሁ አንብቡት።

መፍትሄው ቅደም ተከተል ነው። ሃሹን ከካርዱ ላይ፣ እዚያው ካምፕ፣ ማንም ፎቶውን ሳይከፍተው አውጡ። ወደ ሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። የሁለቱንም ሃሽ ከካርዱ ሃሽ ጋር አመሳክሩ። ካርዱ ፎርማት የሚደረገው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። ዲስኮቹ በአንድ ቦርሳ አይሂዱ።

እንዲገጥም ብላችሁ የተነካውን ፎቶ ሃሽ በዋናው ስም አታስመዝግቡ። ይሄ ማታለል ነው። ዋናው ከጠፋ የተጨመቀውን «የተጨመቀ ቅጂ» ብላችሁ በአዲስ መዝገብ አስገቡ። የጠፋበትን ቀንና ምክንያትም ጻፉ።